የመምህሩ ሙሽራ

መምህር ሀብተ ማርያም ያችን ነጭ አውቶሞቢል ከሳዲቅ ሲገዛ ጂንካ ውስጥ ያልሳቀበት ሰው አልነበረም። አስፋልቱ ገና ከተማዋ አልደረሰም፤ ወደ ቆላ የሚወርድ ሰው የጭነት መኪና ላይ ይንጠላጠላል፣ አለዚያም ላንድክሩዘር ያለው መሥሪያ ቤት ደጅ ይጠናል። እሱ ግን ሆዷ መሬት የሚልስ፣ በስንት ሰው እጅ ያለፈች አሮጌ የቤት መኪና ገዝቶ ግቢው ውስጥ አቆመ። ዕድሜው ሃምሳን እየተጠጋ ሚስት አላገባም ነበርና ከተማው ወዲያው ስም አወጣላት። «የመምህሩ ሙሽራ» አሏት።

ሳዲቅ ገበያው ዳር የጅምላ ሱቅ ያለው ነጋዴ ነው፤ ሲሸጥለት ምንም አልደበቀውም።

«ወላሂ አልዋሽህም መምህር» አለው፣ ቁልፉን መዳፉ ላይ እያደረገለት። «ሞተሯ የጥንት ነው፣ እንደሷ ያለ ዛሬ አይሠሩም። ከኔ በፊት የነዷትም እንደዚህ ብለው ነው የሸጡልኝ። አንድ አመል ግን አላት። ሞቃ ሳለች ከጠፋች ማስነሻዋ፣ ሞተሪኖው፣ አይዝም። ታኮርፋለች። ያን ጊዜ ጥላ ፈልገህ ቁጭ በል፤ ስትበርድ ራሷ ትነሳለች። አትታገላት።»

ሀብተ ማርያም አመሏን በጥቂት ሳምንት ውስጥ ለመደ። በሙቀት ሞተሯን አያጠፋም። ዳገት ላይ የሙቀት መርፌው ወደ ቀዩ ሲጠጋ የሞተሯን ትኩሳት እንዲስብ የውስጥ ማሞቂያውን ከፍቶ፣ መስኮቱን ሁሉ አውርዶ፣ ላቡ በጀርባው እየወረደ ቀስ ብሎ ይወጣል። ጠዋት ጠዋት ትምህርት ቤት ከመሄዱ በፊት ኮፈኗን ከፍቶ ዘይቷን ያያል፣ ውሃዋን ይሞላል፣ ሲመሽ በአሮጌ ብርድ ልብስ ይሸፍናታል። እሷም አላሳፈረችውም። ሌላው መኪና ጭቃ ውስጥ ተሰንጎ ሲያድር እሷ እየተንገዳገደች ትገባለች። ምጥ የያዛትን የጎረቤት ሴት ሆስፒታል አድርሳለች፤ የታመሙ ቄስ ይዛ ወይጦ ድረስ ወርዳ ተመልሳለች። ዓመታት አልፈው የሳቁበት ሰዎች ራሳቸው በሩን ማንኳኳት ጀመሩ፤ «መምህር፣ ያችን ሙሽራህን ለዛሬ» እያሉ። እሱም ሲመልስ የሚላት አንድ ነገር ነበረችው፦

«አንድም ቀን መንገድ ላይ ጥላኝ አታውቅም።»

ይህን አባባሉን የሚቃወመው የእህቱ ባል ተስፋሁን ብቻ ነበር። ታናሽ እህቱ ጥሩነሽና ተስፋሁን እዚያው ግቢ ውስጥ፣ ከወላጆቻቸው በቀረው ሰፊ ቤት፣ ከሁለት ልጆቻቸው ጋር ይኖራሉ። ተስፋሁን የእንስሳት ሐኪም ረዳት ነው፤ ሥራው ዲመካ ስለሆነ ሰኞ ወርዶ ዓርብ ወይም ቅዳሜ ይመለሳል። ቀልደኛ ሰው ነበር። ሐመርኛ እንደ አፍ መፍቻው አቀላጥፎ ይናገራል፣ ሲስቅ ትከሻው ይንቀጠቀጣል።

«ጋሽ ሀብቴ፣ ሽጣት» ይለው ነበር። «ከብት እንኳ ሲያረጅ ዓይኑን አይቼ አውቃለሁ። ይቺ አርጅታለች።»

«አንተ የበሬ ሐኪም ነህ። የመኪና ነገር አይገባህም።»

«እሺ፣ አንድ ቀን ትነግረኛለህ።»

እየተሳሳቁ ይለያዩ ነበር።

በዚያ ዓመት የቆላው ዝናብ ቆይቶ ነው የገባው። ሆሣዕና ዕለት ተስፋሁን ጂንካ ነበር፤ ከሚስቱና ከልጆቹ ጋር ቤተ ክርስቲያን ስሞ፣ ከዘንባባው ለልጁ ለሀሌሉያ ቀለበት ሠርቶ አጠለቀላት፣ ለራሱም አንድ አደረገ። በማግሥቱ ወደ ሥራው ወረደ። ሐሙስ ጠዋት ግን ስልክ ደወለ። በዓሉ ደርሷል፣ የሚመጣበት መኪና ግን ተበላሽቶ ቆሟል፤ ሌላው ሁሉ ሞልቷል።

«አትጨነቅ፣ እኔ እመጣለሁ» አለው ሀብተ ማርያም።

ጥሩነሽ ግቢው በር ላይ ቆማ ሸኘችው። በጉ ተገዝቶ ጓሮ ታስሮ ነበር። «ጋሼ፣ በጊዜ ተመለሱ። ሰማዩ ወደ ደጋው ጠቁሯል» አለችው። ወደ ኋላ ዞሮ አየ። ከአሪ ተራሮች በላይ ደመናው እንደ ጥቀርሻ ከብዷል። ወደሚሄድበት ወደ ቆላው ግን ሰማዩ ጥርት ያለ ነው።

ዲመካ በሰላም ደረሰ። ተስፋሁን ቦርሳውንና አንድ ጠርሙስ ማር ይዞ ጠበቀው። ሲመለሱ ፀሐይዋ አናት ትበሳ ነበር። እንደ ልማዳቸው በቀልድ ተጎነታተሉ። ተስፋሁን የመኪናዋን ወለል በእግሩ እየመታ፣ «ይኸው በቀዳዳው አሸዋው ይታየኛል፤ ሆድ ዕቃዋ ሳይዘረገፍ ብትሸጣት ምናለ?» እያለ ያስቀዋል። ሀብተ ማርያም ከልቡ ሳቀ። በኋላ ብዙ ጊዜ ያስበው የነበረው ይህንን ሳቁን ነው።

መንገዱ ላይ አንድ ሰፊ ወንዝ አለ። ከዓመት እስከ ዓመት አሸዋ ብቻ ነው፤ ድልድይ የለውም፣ መኪና በአሸዋው ላይ ያልፋል። የሚያውቅ ሹፌር ከዳር ጀምሮ ፍጥነቱን ሳይቀንስ በአንድ ትንፋሽ ይሻገረዋል። ሀብተ ማርያምም እንደዚያ ጀመረ። መሀል ሲደርስ ግን ከግራ በኩል የፍየል መንጋ ከቁጥቋጦው ተግተልትሎ ወጣና መንገዱን ሞላው። ፍሬን ያዘ። ፊተኛው ጎማ አሸዋው ውስጥ ሰጠመ፣ መኪናዋ ተንዘፈዘፈችና ጠፋች።

ቁልፉን አዞረ። ሞተሪኖው አንዴ ጠቅ አለና ዝም አለ።

«አኮረፈች» አለ ተስፋሁን። ወርዶ ፍየሎቹን ተመለከተ፣ ከዚያ ወዲያ ማዶ ዳሩ ላይ ያለውን ግራር አሳየው። «ና፣ ጥላው ሥር እንቀመጥ። ስትበርድ መጥተን እናስነሳታለን።»

ሳዲቅም ያለው ይህንኑ ነበር፤ ሀብተ ማርያም ራሱም በሌላ ቀን ቢሆን ኖሮ ይህንኑ ያደርግ ነበር። በዚያ ዕለት ግን ነደደው። «አንድም ቀን ጥላኝ አታውቅም» ሲል የኖረባት መኪና በዚህ ሰው ፊት፣ በዚህ ቀን ከዳችው። ደግሞም ጎማው በቆየ ቁጥር እየሰመጠ የሚሄድ መስሎ ታየው።

«ሁለተኛ ማርሽ አስገብቼ ብትገፋኝ ትነሳለች» አለ።

«አሸዋ ላይ?»

«ትንሽ ነው የሰመጠችው። ግፋ ዝም ብለህ።»

ተስፋሁን ትከሻውን ሰበቀና ጫማውን አውልቆ፣ ሱሪውን አጥፎ ወደ ኋላ ሄደ። ገፋ። መኪናዋ ፈቀቅ አለች፣ ቆመች። እንደገና ገፋ። በዚህ መሀል የፍየሎቹ ባለቤት የሆነው የሐመር ሰው መንጋውን ወደ ዳር ሲያጣድፍ ድንገት ቀጥ ብሎ ቆመና አዳመጠ። ከዚያ ዱላውን ከፍ አድርጎ ወደ እነሱ ጮኸ።

«ምን ይላል?» አለ ሀብተ ማርያም በመስኮቱ አንገቱን አውጥቶ።

ተስፋሁን ቀና ብሎ ሰማ። «ውሃ እየመጣ ነው ይላል። ጋሽ ሀብቴ፣ ውረድ፣ እንውጣ።»

«የምን ውሃ? ሰማዩን አታይም?»

«ከላይ ዘንቦ ይሆናላ! ውረድ፣ ተዋት!»

ሀብተ ማርያም ሰማዩን አየ። አንድ ደመና የለም። መሪውን እንደያዘ፣ «አንዴ ብቻ! ሞተሯ ሊይዝ ነው እኮ፣ አንዴ ግፋና እንወጣለን!» ብሎ ጮኸ።

ተስፋሁን ትቶ መሄድ ይችል ነበር። ዳሩ ሩቅ አልነበረም። ግን የሚስቱ ታላቅ ወንድም ነው ያዘዘው፤ ስንት ዓመት ሲቀልድባት የኖረባትን መኪና በዚያች ሰዓት ጥሎበት መሄድ ደግሞ ነውር ሆነበት ይሆናል። ተመልሶ ጎንበስ አለና ትከሻውን አስገብቶ ገፋ።

ድምፁን ሀብተ ማርያም የሰማው ያን ጊዜ ነው። የጭነት መኪና ድንጋይ ሲገለብጥ የሚመስል ጉርምርምታ ነበር። ቀኝ በኩል ሲዞር ውሃ አላየም፤ ያየው ግንድና እሾህ፣ ቅጠልና ቡናማ አረፋ የተሸከመ አንድ ግድግዳ ነው፣ ከወንዙ መታጠፊያ ወጥቶ እየተንከባለለ ሲመጣ። በሩን እንዴት እንደከፈተ አያስታውስም። ውሃው ወገቡን መታው፣ ጣለው፣ አነሳው። አንድ ነገር ክንዱን ጨመደደው፤ የሐመሩ ሰው እስከ ጉልበቱ ውሃ ውስጥ ገብቶ ነበር፣ ጎተተውና ዳር ላይ ጣለው። ሲያስል፣ ጭቃ ሲተፋ፣ ቀና ሲል መኪናዋ በጎኗ ተንጋላ ስትሄድ አየ። ተስፋሁንን አላየውም።

«ተስፋሁን!» እያለ በዳሩ ላይ ሮጠ። የሐመሩ ሰውም አብሮት ሮጠ፣ ስሙን ከእሱ ሰምቶ እሱም «ተስፋሁን!» እያለ ጮኸ። ወንዙ የሚመልስ አልነበረም።

ሀብተ ማርያም ጂንካ የገባው በሌላ ሰው መኪና፣ ጭቃው ገላው ላይ ደርቆ፣ ባዶ እግሩን ነበር። ጥሩነሽ በሩ ላይ ስታየው ምንም ሳይናገር ገባት፤ በሩ ሥር ወደቀች። ሰዎቹ እስኪያነሷት አልጠበቀም፣ እዚያው መሬት ላይ አጠገቧ ተቀመጠና ሁሉንም ነገራት። ተስፋሁን እንውጣ እንዳለው ነገራት። ግፋ ያለው ራሱ መሆኑንም ነገራት። ለማሳመር አልሞከረም። እሷ አላለቀሰችም፣ ከንፈሩን ታይ ነበር።

አስከሬኑን ከብት ጠባቂዎች ከታች፣ የሾላ ሥር ይዞት አገኙት። ቅዳሜ ቀበሩት። በሰሙነ ሕማማት ፍትሐት አይደረግምና፣ ሆሣዕና ዕለት በዚያ ሳምንት ለሚሞት ሁሉ አስቀድሞ በተደገመው ፍትሐት ነው አፈር የለበሰው። ካህኑ ይህን ሲናገሩ ጥሩነሽ ጮኸች፤ ከዚያ በፊት ድምፅ አልወጣትም ነበር። ባሏ እሁድ ዕለት አጠገቧ ቆሞ፣ ዘንባባ በእጁ ይዞ፣ የራሱን ፍትሐት ሰምቶ ሄዷል። በጣቱ ላይ ያቺ የዘንባባ ቀለበት አልነበረችም፤ ውሃው ወስዷታል። ፋሲካ ዋለ፣ ለቀስተኛው ግቢውን ሞላ። በጉ ጓሮ ሆኖ ቀኑን ሙሉ ሲጮህ ማንም እጁን ሊያነሳበት አልቻለም፤ በመጨረሻ ጎረቤት ፈትቶ ወሰደው።

ሳዲቅም መጣ። ሀብተ ማርያም አጠገብ ተቀምጦ ለረጅም ጊዜ መሬት መሬት አየ።

«ምነው ባልሸጥኩልህ» አለ።

«አንተ ነግረኸኛል» አለ ሀብተ ማርያም።

መኪናዋን ወንዙ ብዙ አላራቃትም ነበር፤ አሸዋ ሞልቷት ተገኘች። መካኒኩ ደምሰው፣ ማንም ሳያዘው፣ ለወዳጁ መልካም የሠራ መስሎት አስጎትቶ ጋራዡ አስገባት። አጠባት፣ ሞተሯን አውርዶ አፈሩን አራገፈ፣ ዘይቷን ለወጠ፣ ፀሐይ ላይ አደረቃት። አንድ ጠዋት ሀብተ ማርያምን ጠርቶት ቁልፉን አዞረ። ሞተሪኖው አንዴ ብቻ ዞረና ተነሳች። ሞተሯ እንደ ድሮው ቀጥ ብሎ ሠራ።

«አየሃት? ይቺን ነው መኪና ማለት!» አለ ደምሰው፣ ዞሮ የሀብተ ማርያምን ፊት እስኪያይ ድረስ። ከዚያ ቀስ ብሎ አጠፋት።

ሀብተ ማርያም ሊያቃጥላት አስቦ ነበር። ቤንዚንም አዘጋጅቶ ነበር። አርባው በወጣ በማግሥቱ ግን ጥሩነሽ ክፍሉ መጣች። ከቀብሩ ወዲህ «ጋሼ» ብላው አታውቅም፤ ስሙንም አትጠራም፣ ዝም ብላ ነው የምትጀምረው።

«መኪናዋ ተሠርታ ቆማለች አሉ።»

«አጠፋታለሁ። ዓይንሽ እንዳያያት አደርጋለሁ።»

«አታጠፋትም» አለች። «ልጆቹ ይበላሉ። የሱ ደሞዝ ቆሟል፣ የሚሰጡኝም ለወር አይበቃም። ሰው ጭና ትሥራ።»

«እሺ፣ ሹፌር እፈልጋለሁ።»

«ሌላ ሹፌር አመሏን አያውቅም፤ በሁለት ወር ይገድላታል። አንተ ንዳት።»

እያያት ነበር፤ ቀልድ እንዳልሆነ ገባው። ትምህርት ቤቱን ለቀቀ። ከጂንካ ቀይ አፈር ከተማ ሰው ማመላለስ ጀመረ። ታርጋዋ የቤት መኪና ነውና ትራፊክ ሲያስቆመው ተሳፋሪዎቹ «ዘመዱ ነን» ይሉለታል፤ ሁሉም ታሪኩን ያውቃሉ፣ ይተባበሩታል። ሐሙስ ሐሙስ የቀይ አፈር ገበያ ነውና ማር፣ ቅቤ፣ ዶሮ ተሸክመው ይጠጋጉባታል። የመጀመሪያዎቹ ቀናት ከኋላ ሰው በተንቀሳቀሰ ቁጥር ይደነግጥ ነበር። አንድ ሽማግሌ ገበያተኛ፣ ዳገት ላይ ስታቃስት አይተው፣ «መምህር፣ ወርደን እንግፋልህ?» ሲሉት፣ «ማንም እንዳይገፋ! ማንም!» ብሎ ጮኸባቸው። ከዚያ ወዲያ እንደዚያ የሚለው አልተገኘም።

ማታ ማታ የዕለቱን ገቢ ለጥሩነሽ ይሰጣታል። «በርታ» አትለውም፣ «ተመስገን» አትለውም፤ ተቀብላ ትገባለች። ሀሌሉያ ብቻ አንዳንድ ቀን ምግብ ይዛለት ትመጣና አጠገቡ ትቀመጣለች። አንዴ፣ ለአቅመ ሔዋን ደርሳ ሳለ፣ «አጎቴ፣ አባዬ ምን ዓይነት ሰው ነበር?» አለችው። «ሲስቅ ትከሻው ይንቀጠቀጥ ነበር» ብሎ ጀመረና ሳህኑን መለሰላት።

እንዲህ እያለ ዓመታት ሄዱ። አስፋልቱ መጣ፣ ባጃጁ በዛ፣ ሚኒባሶች መንገዱን ሞሉት። ልጆቹ በዚያች መኪና በልተው፣ ለብሰው፣ ተምረው አደጉ። ታናሽየው ወንድ ልጅ ወደ አዲስ አበባ ሄደ። ሀሌሉያ አርባ ምንጭ ነርስነት ተምራ እዚያው ሥራ ያዘች። መኪናዋ ግን አልሞት አለች። በሯ በሽቦ ታሰረ፣ መቀመጫው ተቀዶ በማዳበሪያ ጆንያ ተሸፈነ፣ ሞተሯ ግን ጠዋት ጠዋት ይነሳል። ሀብተ ማርያም ራሱ አርጅቶ፣ ጀርባው ጎብጦ፣ መሪው ላይ ሲታይ ከእሱና ከእርሷ ማን እንደሚቀድም የሚጠያየቁ ነበሩ።

አንድ ቀን ከቀይ አፈር ሲመለስ፣ ጂንካ ሊደርስ ትንሽ ሲቀረው፣ ከሞተሯ ውስጥ ብረት ከብረት ሲፋጭ ተሰማ። ጭስ ኮፈኗን ሸፈነ። ዳር ያዘና ቆመ። ተሳፋሪዎቹ ወርደው በሚኒባስ ሄዱ። ደምሰው በኋላ መጥቶ አያትና ራሱን ነቀነቀ፤ ሞተሯ ነክሶ ተጣብቋል፣ የሚሠራ ነገር የለም አለ።

ሀብተ ማርያም ቤት ገብቶ ለጥሩነሽ ነገራት። ልብስ ታጥፍ ነበር። እጇ ትንሽ ቆም አለና ማጠፏን ቀጠለች።

«አበቃ ማለት ነው?»

«አበቃ። ሌላ አገኛለሁ፣ የሰው መኪና ተቀጥሬም ቢሆን...»

«ይበቃል» አለች። «ሀሌሉያ ነይ እያለችኝ ነው። አርባ ምንጭ እሄዳለሁ።»

ያን ጊዜ ነው፣ ከዚያ ሁሉ ዓመት በኋላ፣ የፈራውን የጠየቃት። «ጥሩዬ፣ ይቅር ብለሽኛል?»

የያዘችውን ልብስ አጥፋ አስቀመጠች።

«ውሸት አልነግርህም» አለች። «መኪናዋን ንዳ ያልኩህ ለልጆቹ ብዬ ነው። ግን ደግሞ ጠዋት ጠዋት እዚያች መቀመጫ ላይ ስትቀመጥ ባየሁህ ቁጥር ትንሽ ይቀለኝ ነበር። እየተቀጣ ነው እል ነበር። ከጊዜ በኋላ ግን መቅለሉም ቀረ። ስታረጅ ነው የማየው። እግዚአብሔር ይቅር ይበለን፤ እኔ ግን አልቻልኩም። እዚህ ከቆየሁ ምን እንደምሆን አላውቅም።»

ቀና ብሎ አያት፤ ፀጉሯ ነጭ ሆኗል። እስከዚያች ቀን ድረስ ልብ አላለውም ነበር።

በሳምንቱ መናኸሪያ ድረስ ሻንጣዎቿን ተሸክሞ ሸኛት። ሀሌሉያ ልትወስዳት መጥታ ነበር፤ አንገቱን አቅፋ አለቀሰች፣ «እየደወልኩ እጠይቅሃለሁ አጎቴ» አለችው። ጥሩነሽ አውቶቡሱ ውስጥ መስኮት ጥግ ተቀምጣ ነጠላዋን አስተካከለች። መኪናው ሲንቀሳቀስ እጁን አነሳ። ሀሌሉያ እጇን አወዛወዘችለት። እናቷ ፊት ለፊት መንገዱን እያየች ነበር።

መናኸሪያው ውስጥ ብዙ ቆመ። ሰው ገፍቶት ያልፋል፣ ዕቃ ይጫናል፣ ይወርዳል። በመጨረሻ ተሳፋሪ የሚጠራ አንድ ወጣት ክንዱን ነካ አድርጎ፣ «አባባ፣ ቀይ አፈር ነዎት? አንድ ሰው ነው የቀረን» አለው።

«አይደለሁም» አለና ወደ ቤቱ አቀና።